ሸህ ጠሃ ቀድመው የቀበሩት ልጅ

ግንቧ በፈራረሰ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ጠሃ የሚባሉ ጀናዛ አጣቢ ነበሩ። ተስቦ በገባበት ዓመት ከተማዋ በየቀኑ አራት አምስት ሰው ትቀብር ነበር። ዘመድ እንኳ የሸሸውን ሟች ሸህ ጠሃ ገላውን አጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ከፍነውና ሰግደውበት ይሸኙታል። ሰውም «የእሳቸው ሶብርና ትዕግሥት ከአላህ የተሰጠ ነው» ይል ነበር።

በረጀብ ወር ተስቦው የልጃቸውን የሙህዲንን ደጅ አንኳኳ። ሙህዲን የሠላሳ ዓመት ሸማኔ ነው። ከአምስት ልጆች የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር።

ከተኛ ሳምንት ሆነው። ሸህ ጠሃ ከጎኑ ቁጭ ብለው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ፤ ምላሳቸው «ሱብሓነላህ» ይላል። ዓይናቸው ግን ከልጁ ራስ ተነስቶ እስከ እግሩ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። ሙህዲን በትኩሳት የደረቀ ከንፈሩን አላቀቀና፣

«አባ፣ ስንት ክንድ ወጣኝ?» አላቸው።

«ምኑ ልጄ?»

«ከፈኑ። ከጧት ጀምሮ እየለኩኝ ነው እኮ።»

ሙህዲን እውነቱን ነበር። ሸህ ጠሃ በሐሳባቸው ከፈኑን ቀደዋል፣ ጉድጓዱን አስቆፍረዋል፣ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ግን እየተነፈሰ ከፊታቸው ነው። ቅድም ውሃ ለምኗቸው እንደነበር እንኳ ገና ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።

ደግፈው አጠጡት። ከዚያ ወጥተው ውዱእ አደረጉና ግቢው ውስጥ ለሙራቀባ ተቀመጡ። ጌታቸው እንደሚያያቸው እያሰቡ የገዛ ልባቸውን ማየት ጀመሩ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ያ በሐሳባቸው ያዩት የልጃቸው ቀብር መጣባቸው። ሊያባርሩት ሲታገሉ ባሰ። ኋላ ትግሉን ተዉና፣ «ይህ የሸይጣን ጉትጎታ፣ ወስዋስ ነው፤ ልጄ አይደለም» አሉ ለራሳቸው። ሐሳቡ ቆየ፣ ሄደ፣ ሌላ ተተካ። ያንንም አዩት። የአስር ሶላት እስኪደርስ ወስዋሱ መመላለሱን አልተወም፤ እሳቸው ግን ተነስተው መከተሉን ተዉ።

ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ላቡን ጠረጉለት፤ ጠይቀውት የማያውቁትንም ጠየቁት።

«ከሠራኸው ሁሉ ያስቸገረህ የቱ ጥለት ነው?»

«የእናቴ ነጠላ። ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሙህዲን ሲስቅ ሳል አጣደፈው፣ ሸህ ጠሃም ሳሉ እስኪያልፍ እጁን ይዘው ጠበቁ።

ከዚያ ዕለት በአምስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሙህዲን ሸሃዳ ብሎ ሞተ። አባቱ ራሳቸው አጠቡት። እያጠቡትም አለቀሱ። ከቀብር ሲመለሱ የመስጂዱ ኢማም፣ «ሸህ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሶብር ነው አላህ የሰጠዎት! ፍርሃት አያውቅዎትም» አሏቸው።

ሸህ ጠሃ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ ፈርቻለሁ። ልጄን ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስቀብረው ከረምኩ። አላህ የጻፈው ግን አንድ ቀብር ብቻ ነበር።»

ይህ ንግግር የሚያጽናና ብቻ አይምሰለን፤ ወቀሳም አለበት። ወስዋስ ሁልጊዜ ወደ ወንጀል እየጠራ አይመጣም። አንዳንዴ ፍቅር መስሎ፣ አሳቢነት መስሎ ይገባና አጠገባችን ካለው ሰው ነጥቆ ይወስደናል። ሙራቀባ የሸህ ጠሃን ልጅ ከሞት አላስጣለም፣ ፍርሃታቸውንም አልነቀለም። ያ የባከነ ሳምንትም አልተመለሰላቸውም። አላህ ወደ ልባቸው እንዲመለከቱ ሲያደርጋቸው ያተረፉት አምስት ቀን ነው፤ በእነዚያ አምስት ቀናት ሙህዲን አባት ነበረው።