ገልገሎ የሚባለው ጥልቅ ውሃ

በባሌ ደጋ፣ ከጥዱ ደን በታች፣ ወንዙ ዞር ብሎ የሚተኛበት ጥቁር ጥልቅ ውሃ አለ፤ ገልገሎ ይባላል። የአገሩ ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እንደሚነገረው ገልገሎ ሰው ነበር። ትራውት የሚሉት ዓሣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ወንዙ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ፣ እሱና ሚስቱ ዱሬቲ በማጥመድ ይተዳደሩ ነበር። ዓሣው መንጠቆ ላይ የሚሰኩለትን ሥጋም ትልም እየናቀ ሲያስቸግራቸው፣ ዱሬቲ አንድ ድንጋይ ከውሃው አውጥታ ገለበጠችና ከሥሩ የተለጠፈ ትንሽ ፍጥረት አየች፤ ክንፍ ገና አላወጣም፣ ጭራው ሦስት ነው። የበግ ጠጉርና የቆቅ ላባ መንጠቆ ላይ በክር ጠምጥማ፣ ከኋላው የፈረስ ጭራ አስራ አምሳያውን ሠራች፤ ዓሣውም እየተሻማ ይውጠው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ገልብጣ የዕለቱን ፍጥረት ሳታይ መንጠቆ አታስርም ነበር ይባላል።

ወላጆቿ ሊጠይቋቸው በሚመጡበት ዕለት ግን የገለበጠችው ድንጋይ ባዶ ሆነ። ሌላውም ባዶ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውሃው ጠጠሩን ያሳያል፤ ወፍ ግን አይሰማም። ዱሬቲ ባሏን ዛሬስ ይቅርብህ ብላ ለመነችው፤ እሱ ግን አማቶቹን ባዶ ቤት መቀበል አሳፍሮት፣ የትናንቱን መንጠቆ አስሮ እስከ ወገቡ ገባ።

ወዲያው ከላይ፣ ወንዙ ከሚወርድበት ገደል በኩል፣ ከብት የሚነዳ የሚመስል ድምፅ መጣ። ተራራው ላይ የዘነበውን ዝናብ ማንም አላየም ነበር። ገልገሎ ዞር ሲል ደራሹ ጎርፍ ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ አየ፤ የመንጠቆውን ሲባጎ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ የታሰረበትን ዘንግ ዳር ለቆመችው ዱሬቲ ወረወረላት።

«ያዢኝ» አላት።

ያዘችው። በደፈረሰው ውሃ ውስጥ ሲባጎው ይስባታል፣ መዳፏን ይቆርጣታል፤ እሷም ተረከዟን ተክላ ትታገላለች። ከዚያ ድንገት ላላ። ስትሰበስበው ጫፉ ላይ በእጇ የሠራችው መንጠቆ ብቻ ነበር። ሬሳው አልተገኘም።

ዱሬቲ ከዚያ በኋላ ወንዝ አልወረደችም ይላሉ። ሙያውን ሊማሩ ለመጡ ሁሉ ግን ክርና ላባ ከማስያዟ በፊት የምትላቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ድንጋዩ ባዶ ከሆነ ከሥሩ የሚኖሩት ሄደዋል ማለት ነው፤ እናንተም ሂዱ።»

ዛሬም እዚያ የሚያጠምድ ሰው እግሩን ከማርጠቡ በፊት ድንጋይ ይገለብጣል። ባዶ ከሆነ፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ዘንጉን ይዞ ይመለሳል። በዚህ አላምንም የሚለው እንኳ ከዳሩ ሸሸት ይልና፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ጆሮውን ያቆማል።