ክፍተት የሌለው ቤት

«አንድ ሰው ነበረ፤ ክረምትን ከጅብ ይልቅ የሚፈራ» አሉ የኔታ ልሳኑ።

ይህን የተናገሩት ይርሳው ለሚባል ገበሬ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ሚስትህም ልጆችህም አንተ ስትገባ ዝም ይላሉ፤ ቤትህ ደኅና አይደለም» ስላለው ተቆጥቶ፣ «የኔታ፣ ነገር ይዞ የሚገባብኝን ሰው ከደጄ ባርቅ፣ ቤቴን ጠበቅሁ አይባልም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ክረምትን የሚፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ሐምሌ የመጀመሪያ ልጁን ብርድ መታት፤ ሦስት ቀን ስታቃስት ቆይታ ሞተችበት። አገሩ ደጋ ነው፤ ነፋሱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ያፏጫል። ስለዚህ ሚስቱ ሁለተኛ ልጅ በወለደች ጊዜ፣ ሰኔ ሳይገባ ጭቃ አቦካ። ስንጥቁን ሁሉ መረገ። መስኮቷን በድንጋይ ደፈነ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን የጭስ መውጫ ሳይቀር በጭድና በጭቃ ጠቀጠቃት።

ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት ነበረች። ስታልፍ ቆማ አየችው።

«ልጄ፣ ያችንስ ተዋት። ቤትም ይተነፍሳል» አለችው።

«በእሷ የገባው ብርድ ልጄን ገድሏል።»

«ገድሏል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ተዋት።»

«የቀበርኋት እኔ ነኝ! ሁለተኛ ስለ ቤቴ እንዳትናገሪኝ» ብሎ አባረራት። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ወረደ፤ ምድሩ ነጭ ሆነ። ሰውየው በሩን ዘጋ፤ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በአሮጌ ጋቢ ወተፈ። ሚስቱ ከሰል አቀጣጠለች። ከሰሉ ፍም ሆነ፤ ጭስ የለውም፤ ቤቱ ሞቀ። ሰውየው ነፋሱ ውጭ ሲጮኽ እየሰማ፣ ዘንድሮስ አሸነፍሁት አለ በልቡ።

ጥቂት ቆይቶ ራሱን ይወጋው ጀመር። ሚስቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች ግድግዳ ተደግፋ አንቀላፋች። ሙቀቱ ነው ብሎ ተዋት። ኋላ ሕፃኑን ቢያይ፣ አይወራጭም፤ አያለቅስም። የሚስቱን ስም ጠራ፤ አልመለሰችም። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘው። ሊነሣ ቢል ጉልበቱ ከዳው። እየዳኸ በሩ ዘንድ ደረሰ፤ በሩ በዝናቡ አብጦ፣ በጋቢው ተወትፎ አልንቀሳቀስ አለ። ሊጮኽ ፈለገ፤ ድምፁ ከጉሮሮው አላልፍ አለው። ቢወጣስ ማን ይሰማል? ነፋስ እንዳይገባ የደፈነው ሁሉ፣ ጩኸቱም እንዳይወጣ ደፍኖታል።

በዚያው ሰዓት የባልቴቲቱ ቤት አፍስሶ እሳቷ ጠፋባት። ያባረራትን ሰው ደጅ ላለመርገጥ ብዙ አመነታች። ብርዱ ሲጠናባት ግን ገል ይዛ እሳት ልትጭር መጣች። ተጣራች፤ መልስ የለም። ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠጋች፤ የሕፃን ድምፅ የለም። ገሉን ጣለችና በሩን ገፋች፤ አልከፈት ቢላት ከደጅ የተጋደመውን ዶማ አንሥታ ግድግዳውን መታች፤ ደጋግማ መታች። ጭቃው ሲናድ ሰውየው ከውስጥ ሆኖ ተነፈሰ። መጀመሪያ ያወጣው ቃል፣

«ቤቴን ለምን ታፈርሺብኛለሽ?» የሚል ነበር።

እሷ ግን በቀዳዳው ገብታ ሕፃኑን ከእናቱ እቅፍ ነጥቃ ወደ በረዶው አወጣችው። ሰውየው በደረቱ እየተሳበ ተከተላት። የሕፃኑ እጅ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ፊቱን ሲመታው ዝም አለ። እንደገና መታው፤ አሁንም ዝም አለ። ከዚያ አንዴ ሲቃ ያዘውና አለቀሰ። እናቲቱንም ጎትተው አወጧት። እሷም ተረፈች፤ ግን እስከ መስቀል ድረስ የልጇ ስም እየጠፋባት ትጠይቃቸው ነበር።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ይርሳው ዞሩ።

«ብርዱ እውነት ነበር፤ ልጁንም ገድሎበታል። ሰውየው በመፍራቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የሚቆረቁረው ሁሉ ጠላቱ ስለ መሰለው ነው። ብርድ በሚገባበት ቀዳዳ እስትንፋስም ይገባል። የወንድምህ ቃል ብርድ ነው፤ ለእኔም ቢነገረኝ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ነገር ግን ሚስትህና ልጆችህ ዝም ያሉት ሞቋቸው ነው ብለህ የተቀመጥህ እንደ ሆነ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። በወንድምህ ላይ ደጅህን ከመዝጋትህ በፊት ቤትህ ግባና ልጆችህን በየስማቸው ጥራቸው። ይመልሱልህ እንደ ሆነ ስማ።»