ጓንጉልና የባላምባራስ ትኋን

ከግቢዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ የነበረችን ሴት፣ ልጇን እንዳዘለች፣ በሐምሌ ዝናብ አስወጥቻታለሁ። «ትኋኑን ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ» ብዬ ነው። ትኋኑ ግን የነበረው እኔው በክፍሏ ትቼላት በነበረው አሮጌ አልጋ ውስጥ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ የጓንጉልን ላውራ። እኔ ከአክስቴ ሰማሁት፣ አክስቴ ከአማቷ ሰማች፤ አማቷ ከማን እንደሰማች አልተናገረችም።

ጓንጉል ድሮ፣ ዳኛ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚፈርድበት ዘመን፣ ዋሻ በር በምትባል የገበያ መንደር የነበረ ኮርቻ ሰፊ ነው። እጁ ኮርቻ ይሰፋል፤ ምላሱ ግን ሰውን ያለ ኮርቻ ይጋልብ ነበር። ሚስቱ የሻረግ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ክረምት ሳይገባ መጠጊያ ሲፈልግ፣ ባላምባራስ ወንድይራድ ከግቢያቸው በታች ያለችውን ባዶ ጎጆ አከራዩት። ኪራዩ የበቅሎዎቻቸውን ኮርቻ መጠገን ነው። ባላምባራስ በዘራቸው የሚኮሩ፣ በእንጀራቸው የሚሰስቱ ሰው ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ውሻውን ይፈቱና «ምን ላድርግ፣ ውሻው እኮ ነው እንቢ ያለው» ይላሉ።

ጓንጉል ጎጆዋ ውስጥ ባደረ በነጋታው ፊቱ አባብጦ ባላምባራስ ደጅ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ቤቱ ትኋን አለበት።»

«የኔ ቤት? የኔ ቤት እንደ ቤተ መቅደስ ንጹሕ ነው! አንተ ነህ በጓዝህ ይዘህ የመጣኸው።»

«እኔ የገባሁት ትናንት ነው ጌታዬ፤ እነሱ ግን አያት ከልጅ ልጅ ጋር ሆነው ነው የተቀበሉኝ።»

ጥቂት ሰንብቶ የንብ መንጋ መጣና ከጎጆዋ ጣራ ሥር ሰፈረ። ጓንጉል ደስ ብሎት ቀፎ አጥኖ አስገባው። ባላምባራስ ወሬውን ሲሰሙ እየሮጡ ወረዱ።

«በጣራዬ ሥር ያረፈ ሁሉ የእኔ ነው!»

ነገሩ ዳኛው ቀኛዝማች አሻግሬ ዘንድ ደረሰ። ቀኛዝማች ጢማቸውን እየደባበሱ «በጣራ ሥር ያረፈ ሁሉ ለባለ ጣራው ነው» ብለው ፈረዱ፤ ሽማግሌዎቹም ሰሙ። ጓንጉል ቀፎውን ተሸክሞ አስረከበ። ባላምባራስ ቀፎውን ተቀብለው ሲያበቁ ነገር አማራቸው።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ንቡ ምላስህን ነደፈው እንዴ?»

«የለም ጌታዬ፤ ፍርዱ ጥሩ ስለሆነ ለክፉ ቀን እያስቀመጥኩት ነው።»

ክፉው ቀን ብዙ አልቆየም። የሻረግ በሐምሌ ወለደች። ጓንጉል በፈላ ውሃም በጭስም ቢሞክር ትኋኑ ከግድግዳው ስንጥቅ እየወጣ የሕፃኑን ጀርባ አቀላው። ጓንጉል ሄዶ «ግድግዳው ይመረግልኝ» ቢል፣ ባላምባራስ ጭቃው የሚወጣው ከሆዳቸው ይመስል ተቆጡ። «ትኋን አርብተህ ቤቴን አበላሸህብኝ! አራስህን ይዘህ ውጣልኝ!» ብለው ከሰሱት። ከተረታ በዚያ ዝናብ አራስና ሕፃን ይዞ ሜዳ ላይ መውደቁ ነው። ወደ ችሎቱ ሲወጣ የሻረግ በሩ ላይ ይዛው «አደራህን ጓንጉል፣ ዛሬ እንኳ አትቀልድ» አለችው።

«እኔ አልቀልድም፤ እሳቸው ናቸው የጀመሩት።»

ችሎቱ ላይ ቀኛዝማች ጠየቁት። «ትኋኑ ከአንተ በፊት እንደነበር ምስክር አለህ?»

«ሞልቶ ጌታዬ። ሌሊቱን ሁሉ አብረውኝ የሚያድሩ ናቸው። ችግሩ ግን ሁሉም የእኔን በልተዋል፤ የተሟጋችን የበላ አይመሰክርም ይባላል።»

ሰው ሳቀ። ቀኛዝማች አልሳቁም። ለውሻቸው አጥንት የሚቆጥሩት ባላምባራስ ያን ዕለት ጠዋት ጠቦት አርደውላቸው ነበርና፣ የጠቦቱ ቅባት አሁንም በዳኛው ጢም ላይ ያበራ ነበር።

«በሕግ ታሾፋለህ? ሕግ ነው፤ የበላ አይመሰክርም!»

«እሺ ጌታዬ። የበላ ካልመሰከረ፣ የበላ እንዴት ይፈርዳል?»

ቀኛዝማች በጋቢያቸው ጫፍ ጢማቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ መሐል መፍረድ አልተቻለም፤ ነገሩ ለነገ ተቀጠረ፤ ሁለቱም ይቆራኙ ተባለ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እስኪፈረድ ድረስ የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ኮርቻ ሰፊውና ባላምባራስም ተቋጠሩ።

«ይህን ትኋናም ከእልፍኜ አላስገባም!» አሉ ባላምባራስ።

«አያስገቡኝ ጌታዬ። ከጎጆዋ እንደር፤ እንደ ቤተ መቅደስ ንጹሕ ናት ያሏት ቤት ናት።»

እንቢ ቢሉ ትኋን አለ ማለታቸው ነው። እሺ አሉ። አራሷን ጎረቤት ወስዳ አሳደረቻት።

ጠዋት ገበያው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ባላምባራስ አንገታቸውን ባከኩ ቁጥር ቋጠሮው ጓንጉልን ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ ጎናቸውን ሲያኩ ወደ ቀኝ።

«አያ ጓንጉል፣ ወዴት ነው በጠዋት?» አለች አንዲት ጨው ሻጭ።

«እኔ ምን አውቄ እህቴ! ባላምባራስን እንዳሳከካቸው ነው የምሄደው።»

ችሎቱ ሲደርሱ ቀኛዝማች ዛሬ ባዶ ሆዳቸውን ነበር የመጡት፤ ሰው ጢማቸውን እያየ መሆኑን አውቀዋል።

«ባላምባራስ፣ ቤቱ ውስጥ ትኋን አለ ወይስ የለም?»

«አለ! ቁና ሙሉ አለ! ግን የዚህ ሰውዬ ነው!»

ጓንጉል እጅ ነሣ። «ጌታዬ ዳኛ፣ በንቡ ጊዜ ያስቀመጥኩት ፍርድ አለኝ፤ ዛሬ ይውጣልኝ።»

ቀኛዝማች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፣ «በጣራ ሥር ያረፈ ሁሉ ለባለ ጣራው ነው» አሉ። ሌሎቹም «እንዲያ ነበር፤ ሁላችንም ሰምተናል» አሉ።

ባላምባራስ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ፤ ጓንጉልም ሳይወድ አብሮ ተነሣ።

«ንብ ሌላ፣ ትኋን ሌላ! ንብ እኮ ማር ይሰጣል!»

«እውነት ነው ጌታዬ። የሚሰጠው ለባለ ጣራው፣ የሚበላው ለተከራዩ የሚል ሕግ ካለ ይነገረኝና አራሴን ይዤ እወጣለሁ።»

እንዲያ የሚል ሕግ የሚያውቅ ሰው ከዛፉ ሥር አልተገኘም። ቀኛዝማች አሻግሬም ፈረዱ። ባለ ጣራው ግድግዳውን ያስመርግ፤ ቤቱ እስኪጸዳ አራሷ፣ ሕፃኑና ባሏ በባለ ጣራው እልፍኝ ይረፉ።

ባላምባራስ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። «በእልፍኜ? ሰባት ቤት ተቆጥሮ እንከን የማይወጣልኝ ሰውዬ፣ እኔ ደሜን ከኮርቻ ሰፊ ጋር ልቀላቅል?»

ጓንጉል ቋጠሮውን ቀስ ብሎ እየፈታ መለሰላቸው።

«አይስጉ ጌታዬ፤ ትናንት ሌሊት ተቀላቅለናል። እኔም እርስዎም አሁን አንድ ትኋን ሆድ ውስጥ ነን።»

ያቺ ተከራዬ ስሟ ዘቢደር ነበር። ሳስወጣትም ይህን የጓንጉልን ወሬ አውቀው ነበር፤ ለሰው እያወራሁም እስቅ ነበር። የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።