የትሕትና ቋጠሮ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ላሟ እንኳ ድሮ አልቃለች፤ በረቱ ግን አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ዛሬ ህንድ አገር ልወስዳችሁ ነው። እኔ ህንድን የት አውቄው! ከገበያው ማዶ ተሻግሬ አላውቅም፤ ገበያም ስሄድ መንገዱ ይጠፋኛል። ግን ተረት ስንቅ አይጠይቅም፤ እንሂድ።

በድሮ ዘመን በህንድ አገር፥ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር፥ ባንሲ የሚባል ምንጣፍ ሠሪ ነበር። ሚስቱ ፉልማቲ ትባላለች። ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና፥ በተወጠረው ድር ላይ ባለቀለም የበግ ጸጉር አንድ በአንድ ይቋጥራሉ። ቀኙ የእሱ፥ ግራው የእሷ ነው። እጁ የህንድ ይሁን እንጂ ሐረጉና አበባው የፋርስ ነው። የፋርሱን ንድፍ ወደዚያ መንደር ያመጡት የኡስታድ ሚርዛ አያቶች ነበሩ። ኡስታድ ማለት፥ እኛ የኔታ እንደምንለው ነው።

ባንሲ እጁ ደህና ነበር፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። የጎረቤት ምንጣፍ ባየ ቁጥር አንገቱን ይነቀንቅና፦

«ይህቺ ቅጠል ጠማማ ናት፤ ያኛውም አበባ ያፈጠጠ ነው» ይላል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!

ከዚያም ኡስታድ ሚርዛ አረጁና፥ የአለቅነት ወንበራቸውንና የአያቶቻቸውን ንድፍ የሚያወርሱት ሰው መፈለግ ጀመሩ። ባንሲ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበረውም። በሕልሙ ሳይቀር ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ይገሥጽ ነበር። ኡስታድም ጠሩትና፦

«በል የእጅህን ሥራ አምጣና ልየው። ብቻ የአባቶቻችንን ደንብ አትርሳ። እንከን የሌለበት የፈጣሪ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ቋጠሮ ሆን ብለህ አሳስት» አሉት።

ባንሲ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደና ሥራ ጀመረ። ግን ወዲያው ጭንቅ ያዘው። ምን ጭንቅ ያዘው ብትሉ፥ ስህተቷን የት እንደሚያኖራት ነው። ምንጣፍ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። የታችኛው ጥለት ላይ ሲደርስ፦

«እዚህ ላድርጋት? ጥግ ላይማ ትሕትናዬን ማን ያይልኛል?» አለና አለፈ።

መሀሉ ላይ፥ ትልቁ አበባ ጋ ሲደርስ ደግሞ፦

«እዚህማ ውበቴን ታበላሽብኛለች» አለና አለፈ።

እንዲህ እያሰበ፥ ልቡ ስህተቷን ሲፈልግ ጣቱ ብቻውን ይሠራል። ጣት ብቻውን ሲሠራ ምን እንደሚሆን ቀሚሴን ስጠቅም አይታችኋል፤ እጅጌውን ከጉልበቱ ጋር ሰፍቼዋለሁ።

በመጨረሻ ከላይኛው ጥለት አጠገብ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ባንሲ ጥቁር መሆን የነበረበትን ዓይኗን በቀይ ቋጠረው። ቋጥሮም አየውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንዴት ያለሁ ትሑት ነኝ!» አለ። ይህን ለጎረቤት ሳይነግር ማደር አልቻለም፤ ተነሥቶ ወጣ።

እሱ ሲወጣ ፉልማቲ ቀና አለችና ቀይ ዓይን ያላትን ወፍ አየች። «ይህ ሰውዬ ዛሬስ ምን ነካው?» አለችና ፈትታ በጥቁር መልሳ ቋጠረችው።

ከዚያም ድሩ ተቆረጠና ምንጣፉ ወረደ። ባንሲ ዘርግቶ አየውና በገዛ እጁ ተደነቀ። ፉልማቲ ግን ጎንበስ ብላ በእሱ በኩል የተቋጠረችውን ሚዳቋ አየችና፦

«አንተ፥ ይህቺ ሚዳቋ እኮ...» ስትል፦

«ኋላ ትነግሪኛለሽ!» አላትና ጠቅልሎ ተሸከመው።

መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ምንጣፉ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ኡስታድ ሚርዛ ግን፦

«ገልብጡት። የምንጣፍ ሐሜቱ ከጀርባው ነው» አሉ።

ገለበጡት። ኡስታድ በጣታቸው እየዳሰሱ፦

«ይህ ሐረግ ከአበባው ሳይደርስ የት ጠፋ? ለፈጣሪ የተውካት ስህተት ይህቺ ናት?» አሉ።

«አይ፥ እሷ አይደለችም፥ ኡስታድ።»

«ይህቺ ቅጠልስ? ግንዷን ጥላ ብቻዋን የበቀለችው?»

«እሷም አይደለችም።»

«ሚዳቋዋስ? እግሯ ሦስት ነው። አንዱን ለፈጣሪ ሰጥታ ነው?»

ሰው ሳቀ። የባንሲ ጆሮ ጋለ። የሰው ቅጠል ጠማማ ሲል የኖረ ሰው የሚገባበት አጣ። ምንጣፉን መልሶ ፊቱን ወደ ላይ ገለበጠና፥ በጉልበቱ እየዳኸ ወፏን ፈለገ። አገኛት። ዓይኗ ጥቁር ነው፤ የሚያምር፥ ልክ የሆነ ጥቁር!

«እዚህ ነበረች!» ብሎ ጮኸ።

«የወፏን ዓይን ነው የምትፈልገው? የተሳሳትክ መስሎኝ አስተካከልኩልህ» አለች ፉልማቲ።

ኡስታድ ሚርዛ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፦

«እንግዲህ በቀኝ በኩል ልክ ሆና የተገኘችው፥ ሆን ብለህ ያሳሳትካት ብቻ ናት» አሉ።

ባንሲ ወንበሩ ሲሄድ ታየው። የልጅነት ምኞት እኮ ነው! አቀርቅሮ ሳለ ሚዳቋዋን አያት። በሦስት እግሯ ደረቷን ነፍታ፥ ልክ እንደ እሱ ቆማለች። ያን ጊዜ ሳቅ አፈነው። ሳቀ፥ ሳቀና ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለ። ከዚያም እንባውን እየጠረገ፦

«ኡስታድ፥ ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡ። እኔም ከእንግዲህ ስህተት ለመሥራት አልደክምም፤ ሳልለፋ ከእጄ ይወጣል» አለ።

ኡስታድ ሚርዛም ንድፉን ከጉያቸው አወጡና፦

«የሰው ስህተት የሚቆጥር ሞልቷል። በራሱ የሚስቅ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። እንካ፥ ወንበሩም ያንተ ነው። ብቻ አደራህን፥ ሳታሳያት ምንም ሥራ ከቤት እንዳታወጣ!» ብለው ወደ ፉልማቲ ጠቆሙ።

ባንሲም አለቃ ሆነ። የሚዳቋዋን እግር ግን እንዲቀጠል አልፈቀደም። አፉ ከእጁ የሚቀድም ተማሪ በመጣ ቁጥር፦

«ና ልጄ፥ አስቀድመህ ከእኔ ጋር ተዋወቅ» ይልና ሚዳቋዋን ያሳየው ነበር።

እኔም በዚህ ተረት ውስጥ ለትሕትና ብዬ አንዲት ስህተት ሆን ብዬ ትቻለሁ። ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ለራሳችሁ ያዙት፤ ለጎረቤት እንዳይነገር!

በሉ ተረቴን መልሱ፥ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ከዳር አርሮ ቢመጣም አልቆጣም፤ ሆን ብላችሁ ነው እላለሁ።