ይነሳ የተባለው ገመድ

ተረት የወደደ ጠጋ ይበል፤ ያልወደደም ከበር ላይ ሆኖ ይስማ።

በድንበር ላይ ሁለት መንደሮች ነበሩ፣ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። በመሃላቸው ከግራር እስከ ግራር ወገብ ላይ የሚደርስ ገመድ ተወጥሯል። ማንአህሎሽ የምትባል ሴት ከወዲህ ትኖራለች። ልጇ አዛለች ከወዲያ ተድራለች። አንድ ጠዋት ከማዶ እልልታ ሦስቴ ተሰማ።

«ሴት ናት!» አለች ማንአህሎሽ፤ ቅቤዋን በቅል ይዛ እየሮጠች ገመዱ ጋ ደረሰች። ከማዶ ሴቶቹ ጮኹላት፦ «አራሷ፣ እናቴ ካላጎረሰችኝ ገንፎ አልቀምስም ብላለች! ቶሎ ነይ!»

«የኔ ልጅ፣ ገመዱን ዝቅ አድርግልኝ» አለችው ገመዱን የሚጠብቀውን ዘብ።

«ያለ ደብዳቤ አላወርድም፣ እትዬ። ጎንበስ ብለው ቢያልፉ አልይዝዎትም፤ ያለ ወረቀት የሄደ ግን አይመለስም።»

«ቤቴን ለድመቷ ላውርሳት?» ብላው ወደ መንደሩ ጸሐፊ ወደ አያልቅበት ሄደች።

«አያልቅበት፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ዘብ ገመድ አላወርድ አለ፣ እናት መሻገር አቃታት፣ አራስ ገንፎ አልቀምስ አለች።»

«ለመጻፉ ማን ሰንፎ፣ እትዬ? ግን ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ስኳር መጠቅለያ ነው። ማኅተም ካልመጣ አልጽፍም።»

ማኅተሙ በመንደሩ ሊቀመንበር በአቶ ዘገየ ኪስ ውስጥ ነው፤ በመሐረብ ሦስት ጊዜ ቋጥሮታል። እሱን ጥላ ሥር ተጎልቶ አገኘችው።

«አቶ ዘገየ፣ ማኅተሙን ያውጡልኝ። ጸሐፊ ደብዳቤ አልጽፍ አለ፣ ዘብ ገመድ አላወርድ አለ፣ እናት መሻገር አቃታት፣ አራስ ገንፎ አልቀምስ አለች።»

«ባትም ከኮሚቴው በግራ ያሉት ይጮኹብኛል፤ ባላትም በቀኝ ያሉት። ኮሚቴው ስለ ገመዱ ካልወሰነ መሐረቤን አልፈታም።»

ኮሚቴው ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንደተሰበሰበ ነው። ግማሹ በቀኝ አግዳሚ፣ ግማሹ በግራ አግዳሚ፤ ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም።

«እናንተ ሰዎች፣ ወስኑልኝ! ሊቀመንበር ማኅተም አላወጣ አለ፣ ጸሐፊ ደብዳቤ አልጽፍ አለ፣ ዘብ ገመድ አላወርድ አለ፣ እናት መሻገር አቃታት፣ አራስ ገንፎ አልቀምስ አለች!»

ጋሽ አንዳርጌ ከቀኝ አግዳሚ ተነሱ። «እኛማ ከመጀመሪያው ብለናል! ገመዱ ይነሳ! ሰው ከዘመዱ ለምን ይከለከላል?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ከግራ አግዳሚ ዘለው ተነሱ። «ያልነው እኛ ነን! ገመዱ ይነሳ! እዚህ ድረስ ይነሳ!» አሉና እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘረጉ። «የማዶ ሰው እየዘለለ ገብቶ የውሃ ጉድጓዳችንን አደረቀው!»

ማንአህሎሽ ጆሮዋ ቆመ። ቅሏን መሬት አስቀመጠች።

«ቆይ እስቲ። ጋሽ አንዳርጌ፣ ምን አሉ?»

«ይነሳ!»

«ወይዘሮ ጥሩዬስ?»

«ይነሳ ነዋ!»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ በምን ተኳረፋችሁ? ይነሳ የሚል እጁን ያውጣ!»

በቀኝ ያሉት እጃቸውን አወጡ። በግራ ያሉትም አወጡ። እርስ በርስ ተያዩ፤ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ያሸነፈ መስሎት በሆዱ ሳቀ።

ኮሚቴው ወሰነ፣ ሊቀመንበሩ መሐረቡን ፈታ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተሙ አረፈበት፣ ደብዳቤው ዘቡ እጅ ገባ። ዘቡ አነበበው፦ «ገመዱ ይነሳ» ይላል። አውርድ አይልም፣ ቁረጥም አይልም። ጭንቅላቱን አከከና ሁለቱም ግራሮች ላይ እየወጣ ገመዱን ጫፋቸው ላይ አሰረው።

ማንአህሎሽ ከሥሩ ቀጥ ብላ አለፈች። ከኋላዋ ሁለት የተጫኑ አህዮች አለፉ፣ ከዚያም አንድ ግመል።

«አሁን ማንም አይዘለውም!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ላይ እያዩ።

«አሁን ማንንም አያግድም!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ ወደ ታች እያዩ።

«እማዬ፣ ምነው ዘገየሽ?» አለች አዛለች።

«ልጄ፣ የዘገየስ መሐረቡን ቋጥሮ የተቀመጠው ነው» አለችና የመጀመሪያዋን ጉርሻ በቅቤ አጥቅሳ አፏ ውስጥ ከተተችላት።

አራሷ ቀመሰች፤ ተረቱም እዚህ ላይ ጠገበ። የሰማ አፉን በቅቤ ያርጥብ።