ማኅተም ያረፈበት የበረኛው ካርድ

የአንዲት ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ወንድይፍራው፣ የዝነኛው በረኛ የአስፋቸው ፎቶና ፊርማ ያለበት ካርድ ነበራቸው። ሊሸጡት ባወጡት ቁጥር ገዢው ሁሉ «ፊርማው የራሱ የበረኛው ነው?» እያለ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ተናደዱና ካርዱ ላይ «ትክክለኛ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙበት፤ የመሥሪያ ቤቱንም ክብ ማኅተም በፎቶው ላይ በበረኛው ግንባር አሳረፉት።

ከዚያ ስታዲየም በር ላይ የተጫዋቾች ካርድ የሚነግደውን ምላሰኛ ሰውዬ ቢሮአቸው አስጠሩት። ሰውዬው ካርዱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሲያገላብጥ ጥቂት ታገሡት።

«ሐሰተኛ ነው ካልክ የመንግሥትን ማኅተም ሐሰተኛ ማለትህ ነውና ፖሊስ እጠራለሁ። እውነተኛ ነው ካልክ ደግሞ ሃምሳ ሺህ ብር ከፍለህ ትወስደዋለህ» አሉት።

ሰውዬው ካርዱን በሁለት እጁ ጠረጴዛቸው ላይ መለሰና እጅ ነሳ።

«እውነተኛ ነው ጌታዬ፤ ከማኅተም ጋር ማን ይከራከራል? ግን ማኅተም ካረፈበት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። አሁን መጣራት ያለበት ፊርማው ሳይሆን፣ የመንግሥት ንብረት ወደ እርስዎ ኪስ እንዴት እንደገባ ነው። ፖሊስ እጠራለሁ ብለው አልነበር?»