የሽንኩርት እንባ

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

በረቱን ዝጉና ቅረቡ። ርቆ የተቀመጠ አይሰማም፤ ያልሰማ ደግሞ ነገ መጥቶ ድገሚልኝ ይለኛል።

በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይግዛው አህዮቹን ነድቶ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወረደና ሳይመለስ ክረምቱ ገባ። ክረምቱም ወጣ። ትርንጎ ማታ ማታ ከእሾህ አጥሯ ሥር ትቆምና መንገዱን ታያለች። በዚያ አገር ደግሞ ለመንገደኛ አይለቀስም። በቁሙ ያለቀሱለት ሰው አይመለስም ይባላል። ስለዚህ እንባዋ በመጣ ቁጥር፣ ሳይወርድ በእጇ ትጠርገዋለች።

አንድ ቀን ከመንገዱ መታጠፊያ አቧራ አየችና አንገቷን በአጥሩ ውስጥ አሾለከች። አቧራው የከብት ነበር። እሾሁ ግን ዓይኗን ጫረው።

ዓይኗም ቀላ፤ ብርሃን ማየት አቃታት። ከዚያም ወደ እሜት ደብሪቱ ሄደች። የዓይን ነገር የሚያውቁ ባልቴት ነበሩ። ገለጥ አድርገው አዩና፦

«ጭረቱ ትንሽ ነው። ውኃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ እጠቢው። እንዳታሺው» አሏት።

ሰንብታ ተመለሰች። ብሶባታል።

«አሽተሽዋል» አሏት።

«አላሸሁም፣ እሜቴ። እንባ ሲመጣ ብቻ እጠርጋለሁ።»

«ተዪው ይውረድ። ዓይን የሚታጠበው በሱ ነው።»

«ይግዛው በሕይወት አለ። አላለቅስበትም።»

«ዓይንሽ ከጠፋ፣ ሲመጣ በምንሽ ልታዪው ነው? በአፍንጫሽ?»

ትርንጎ አቀረቀረች። ባልቴቷም ዘንቢል ሙሉ ሽንኩርት አወጡና አሸከሟት፦

«ማታ ማታ ደጅ ተቀምጠሽ ይህን ላጪ። የሽንኩርት እንባ በማንም ላይ አይቆጠርም። ሽንኩርት የነካ እጅ ደግሞ ዓይን አይደፍርም።»

ትርንጎም ላጠች። እንባዋም ወረደ። እጇ ወደ ዓይኗ ሊሄድ ይልና ሽታው ይመልሰዋል። ጎረቤቷ በአጥሩ አሻግራ፦

«ባልሽ ሳይኖር ይኼ ሁሉ ወጥ ለማን ነው?» ትላታለች።

«ለዓይኔ።»

ቀስ በቀስም ቅላቱ ጠፋና ዓይኗ ጠራ። ሩቁን መታጠፊያ እንደ ድሮዋ አየችው። መንገዱ ግን ባዶ ነበር። ትርንጎም ከደጇ አልተነሣችም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንዲት የምታነክስ አህያ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ከኋላዋ ከስቶ የጠቆረ ሰው ይከተላል። ትርንጎ በአረማመዱ ለየችው። እንባዋም ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ይግዛው ደጁ ላይ ደርሶ ፊቷን ሲያይ ደነገጠ፦

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ሽንኩርት ነው።»

ይግዛው ጎንበስ ብሎ ዘንቢሉን አየ። ባዶ ነበር። ሽንኩርቱ ካለቀ ሰንብቷል። እሱም አህያይቱን ሳያራግፍ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ወጥ ካለም አልጠላም፤ ሽንኩርቱን ማን እንደላጠው አልጠይቅም።